በጉም ውስጥ የወጣነው ተራራ

ቦንጋ በተመደብኩበት የመጀመሪያ ዓመት፣ የትምህርት ቤታችን መምህራን ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን ተራራ አንድ ቅዳሜ ልንወጣ ተስማማን። ሐሳቡ የስፖርት መምህሩ ነበር። የጂኦግራፊ መምህሩ ደግሞ ሰማዩን አንጋጦ አየና፣ «ቅዳሜ ጠብታ አይወርድም» አለ። ምክትል ርእሰ መምህራችን አምነውት ኮትና ከረባት አድርገው መጡ።

የመጀመሪያውን ዳገት ሳንጨርስ ዶፍ ወረደብን። ሹራብ ስንለብስ ፀሐይ ወጣች። ስናወልቅ እንደገና ዘነበ።

«ያልፋል፣ ያልፋል» ይላል የጂኦግራፊ መምህሩ፣ ውሃው ከአፍንጫው ጫፍ እየተንጠባጠበ።

በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡት የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋ፣ እትዬ የምንላቸው፣ «ይኼ ልጅ ዝም ቢል እኮ ያባራ ነበር» አሉ።

ከዚያ ጉሙ መጣ። አንዱ የሌላውን ልብስ ጫፍ ይዞ እየተጓተትን ወጣን፣ ወጣን። በመጨረሻ እግራችን ሜዳ ረገጠ።

«ደረስን!» ብሎ ጮኸ የስፖርት መምህሩ።

ተቃቀፍን። ምክትሉ ከረባታቸውን አስተካክለው ስለ ጽናትና ስለ አንድነት ንግግር አደረጉ። እኛም በጭብጨባ አቀለጥነው። ገና ስናጨበጭብ ከጉሙ ውስጥ የሰው ድምፅ መጣ።

«ስብሰባ ነው እንዴ? ለእኛ ምነው አልተነገረን?»

ጉሙ ገለጥ ሲል ድምፁ የአንድ ገበሬ ሆኖ ተገኘ፤ የቆምነውም ጓሯቸው ውስጥ፣ እንሰታቸው አጠገብ ነው። ባለቤታቸው በር ላይ ሆነው አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ይስቃሉ። ተራራው ከቤቱ ጀርባ ተገትሯል፤ ግማሹን እንኳ አልወጣነውም።

«ይቅርታ አባባ፣ ጫፉ ላይ የደረስን መስሎን ነው» አሉ ምክትሉ።

«ጫፉ ያ ነው» አሉ ሰውየው ወደ ላይ እያሳዩን። «ግን እዚያ ስብሰባ ተደርጎ አያውቅም።»

እኛ ለመመለስ ስንማከር እትዬ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ዳገቱን ጀመሩት። «እኔ የሰው ጓሮ ልጎበኝ አልመጣሁም!»

አፍረን ተከተልናቸው። መንገድ ላይ በረዶ ወረደብን። በእጃችንም በጉልበታችንም የዳህንበት ቦታ ነበር። የምክትሉን አንድ ጫማ ጭቃው ውጦ አስቀረው፤ የቀረውን መንገድ በካልሲ ጨረሱት።

ጫፉ ላይ ብሩህ ነበር። ጫካው ከታች ተንጣሏል፣ የቦንጋ ቆርቆሮዎች ያብረቀርቃሉ። የራሰ ዳቦ ተካፍለን ስንበላ እትዬ ቁልቁለቱን አዩና፣ «በሉ፣ አሁን አዝሎ የሚያወርደኝ ማነው?» አሉ።

ሁላችንም ወደ ስፖርት መምህሩ ዞርን። ዳቦውን እንደያዘ ተጋድሞ ያንኮራፋል።