ከዜሮ የሚጀምር ቆጠራ

እትዬ ጥሩወርቅ በደብረ ታቦር፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ሲጠብቁ ሠላሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ሰኔ ላይ ጡረታ ይወጣሉ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አዳነ ግን ግድግዳው ላይ በቀለም የተጻፈው ቁጥር ይፋቅ አለ።

«መጽሐፉ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት አንድ ይላል፤ የእኛ ግድግዳ ዘጠኝ ነጥብ ሰባት ስምንት። ነገ እንግዶች ሲመጡ ምን ይሉናል፣ እትዬ?»

ቁጥሩን ያስጻፈው ሚስተር ቶማስ ነበር፤ ከህንድ፣ ከኬረላ መጥቶ ስድስት ዓመት ያስተማረ መምህር። የብረት ኳስ በሽቦ ከጣሪያው ወራጅ ላይ አንጠልጥሎ፣ የመቶ ምልልስ ጊዜ እየያዘ፣ መሬት ዕቃን የምትስብበትን ልክ ያሰላ ነበር። ልኩ ከሚጠብቀው እየበለጠ አስቸገረው። ምክንያቱን ያገኙት ወለል ይጠርጉ የነበሩት ጥሩወርቅ ናቸው።

«ሲለቁት አንድ ይላሉ። ገና የት ሄዶ? መቶ ያሉት ዘጠና ዘጠኝ ነው።»

ቶማስ መጥረጊያውን ተቀብሎ ሰዓቱን ሰጣቸው። ከዚያ ወዲያ ኳሱ ሲለቀቅ ዜሮ ሆነ። አገሩ ሲመለስም የዚያን ተማሪዎቹን ከዜሮ አስጀመረ። እነሱም ዘጠኝ ነጥብ ሰባት ስምንት አገኙና የደብረ ታቦሩንም ከራሳቸው ጎን ጻፉት። ይህን ለእትዬ የጻፈችላቸው ልጁ ናት፤ ባለፈው ኅዳር መሞቱን በነገረችበት ደብዳቤ። ደብዳቤውን ለማንም አላሳዩም።

«የመጽሐፉ ቁጥር ወደ ሰሜን ርቆ ባለ አገር የተለካ ነው» አሉ። «እኛም ህንዶቹም ለምድር ወገብ እንቀርባለን፤ እዚህ ስበቱ ትንሽ ያንሳል። አንተም እዚችው ወንበር ላይ ተቀምጠህ ጽፈኸዋል።»

«ያኔ ተማሪ ነበርኩ።»

«አሁን ኃላፊ ነህ። ለካ። ከተሳሳትኩ በገዛ እጄ እፍቀዋለሁ።»

አዳነ ኳሱን ለቀቀ፤ እስከ መቶ ቆጠረ፤ አሰላ። ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ ስምንት።

«ይኸው፣ ከመጽሐፉም ከግድግዳውም አልገጠመ።»

«በስንት ጀመርክ?»

አዳነ ጆሮውን አከከ። «በአንድ።»

«ሹመት ሲመጣ ዜሮ ተረሳች?»

ሣቁን ዋጥ አድርጎ እንደገና ለቀቀ። «ዜሮ» አለ፣ ጮክ ብሎ። ሲጨርስ ሁለት ጊዜ አሰላ፤ ከዚያ ግድግዳውን ቀና ብሎ አይቶ ወረቀቱን ዘረጋላቸው።

እትዬ አላዩትም። ከዕቃ ቤት ቀለምና ብሩሽ አምጥተው የደበዘዘችውን ሰባት አደመቋት። ከሥሯ ደግሞ «ቶማስ፣ ጥሩወርቅ» ብለው ጻፉ።

«ስም አልነበረውም እኮ፣ እትዬ» አለ አዳነ።

«አሁን አለው» አሉና ብሩሹን ሊያጥቡ ወጡ።