ጭስ የማያወጣው ግቢ

የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ነኝ። ቆቦና ዋጃ መካከል አንድ ጭስ የማያወጣ ዘመናዊ የቢሮዎች ግቢ ነድፌ፣ ለአካባቢው ሽማግሌዎች ላስረዳ ከአለቃዬ ጋር ወረድኩ። የተገናኘነው እነሱ የተጣላ ሲያስታርቁ በሚቀመጡበት ዋርካ ሥር ነው።

የራያን ሙቀት ታውቁታላችሁ። አለቃዬ ኤሲ ከፍቶ ከመኪናው አልወርድ አለ፤ ሞተሩም አልጠፋ። እኔ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ምኑም ለማይታይ ፕሮጀክተር ብዬ ጄኔሬተር አስነሳሁ። ከጄኔሬተሩ ድምፅ በላይ እየጮኽኩ ስለ ንጹህ አየር አንድ ሰዓት ሙሉ ለፈለፍኩ። ሽማግሌዎቹ እያሳሉ፣ ግን አንዴም ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ።

ስጨርስ ጭብጨባ ጠበቅኩ። እነሱ ግን እንደ ሽምግልና ወጋቸው ሊመክሩ ፈቀቅ አሉ። ሲመለሱ ትልቁ ሽማግሌ፣ ሸህ እንድሪስ፣ ተናገሩ።

«ልጄ፣ ይሄ ጭስ የማያወጣው ግቢ የት ነው የሚሠራው?»

«እዚሁ አባቴ፣ የተቀመጥንበት ላይ።»

«እዚህማ እስከ ዛሬ ጠዋት ጭስ አይተን አናውቅም» አሉና በከዘራቸው ወደ ጄኔሬተሩ ጠቆሙ። «ስለዚህ ፈርደናል። ይሄን የሚያጓራ ዕቃና መኪናችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ፣ ግቢያችሁ ተሠርቶ አለቀ።»