ቀይ ሥሩና የአባቴ ጃኬት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ የቁስቋም ሜዳ ጭቃ እንደደረቀ፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። እስከ ዛሬ ቀይ ሥር የተከተፈበት ቢላዋ ሳይ ልቤ ይደነግጣል። ፍርሃት ምን እንደሆነ በትክክል ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

አባቴ ታደሰ ቅዳሜ ቅዳሜ ለጤናቸው ኳስ በሚጫወቱ ጎልማሶች ቡድን ውስጥ አጥቂ ነበር። እኔ የገባሁት ሰዎቹ በረኛ ስላጡ ብቻ ነው። ብዙ ስለማልናገር ግቡ መሃል መቆም ይስማማኛል።

ቡድኑ ያልተጻፈ ሕግ አለው። ሕመም እንዳለበት የተናገረ ሰው ከጨዋታ ይወጣና ፊሽካ ይሰጠዋል፤ ዳኛ ይሆናል። ለደግ ታስቦ የወጣ ሕግ ነው። ግን ፊሽካ በያዘ ሰው ሁሉም ይቀልድበታል። አባቴም "እኔ ዳኛ ከምሆን ሞት ይሻለኛል" እያለ ይስቅ ነበር።

ያን ቀን የምንገጥመው በዕድሜ ከእኛዎቹ የሚያንስ ቡድን ነበር። አምበላችን ጋሽ ኑሩ ባለሱቅ ነው፤ ደንበኛ ሲጠፋ ስልኩ ላይ ስለ ስፖርተኞች አመጋገብ ያያል። ቀይ ሥር ውስጥ ናይትሬት የሚባል ነገር እንዳለ፣ ሰውነት ውስጥ ተለውጦ የደም ሥርን እንደሚያሰፋና ተጫዋች ቶሎ እንዳይደክም እንደሚረዳ ነገረን። እኔም አንብቤ አጣርቼ ነበር፤ አልዋሸም። ከጨዋታው አስቀድሞ መጠጣት ስላለበት በማለዳ ሱቁ ደጃፍ ሰብስቦ በትልቅ ጆግ ጭማቂውን አቀረበልን።

"ጠጡ እንጂ! ከዕረፍት በኋላ እንደ አሮጌ ላዳ የምታጨሱት እኮ ይሄ ጎድሏችሁ ነው!"

እኔ አንዴ ቀምሼ ተውኩት። አፈር አፈር ይላል። አባቴ አየኝ።

"ቆሞ ለሚውል በረኛ ምን ያደርግለታል? አምጣው ወዲህ" ብሎ ብርጭቆዬን ተቀበለኝና የራሱን በጠጣበት ላይ ደገመው። ቁርስ አልበላም ነበር፤ ሆዱ ሞልቶ ኳስ አይሆንለትም።

በመጀመሪያው አጋማሽ እንደዚያ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። የተቃራኒው ተከላካይ ሳይቀር ተገርሞ "ጋሼ፣ ዛሬ ምን በልተው ነው የመጡት?" አለው።

"ያንተን ዕድሜ!" አለ አባቴ።

ከዕረፍት መልስ ግን ቀዘቀዘ። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር አሰረ። ቀና ሲል የሚይዘው ነገር እንደሚፈልግ ሰው እጁን በሜዳው ዳር ወዳሉት ባሕር ዛፎች ዘረጋ። ከዚያ ወደቀ።

ሮጬ ስደርስ ከአፉ ጥግ ቀይ ነገር እየፈሰሰ ነበር።

"ደም! ደም ተፋ!"

"ክብሪት ጫሩለት!"

"ገለል በሉ፣ አየር ስጡት!"

"አባዬ!" አልኩት። አልመለሰልኝም። ፊቱ አመድ መስሏል። ቀዩን በጣቴ ነክቼ አሸተትኩት። አፈር አፈር አለኝ። ደም አይደለም፤ ያ ጭማቂ ነው። ይህንን ስናገር ሰው ሁሉ እፎይ አለ። እኔ ግን ይበልጥ ፈራሁ። ደም ካልሆነ ለምንድን ነው የማይነቃው?

ጆሮዬን አስጠግቼ ትንፋሹን ሰማሁ። በጎኑ አስተኛነው። ስልኬን በአባቴ ጃኬት ውስጥ አስቀምጬ ስለነበር ለእናቴ ልደውል ብዬ ጃኬቱን ከተሰቀለበት የግብ ቋሚ ላይ አወረድኩት። በውስጥ ኪሱ እጄ የነካው ግን ስልክ ሳይሆን ግማሹ ያለቀ የኪኒን እሽግ ነው። ቤታችን ውስጥ አይቼው አላውቅም።

ጋሽ ኑሩ ከእጄ ነጥቆ አየው። "ይሄ እኮ የግፊት ነው! እናቴ የምትወስደው..." ከዚያ ኪኒኑን መልሶ እጄ ላይ ጣለው። "ያ ረቢ! ሁለት ብርጭቆ አጠጣሁት እኮ!"

በጋሽ ኑሩ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ አጋድመነው ቁልቁለቱን ወደ ክሊኒክ ወረድን። ኪኒኑን በአንድ እጄ ጨብጬ አጠገቡ ተንበረከክሁ። መኪናው ኮብልስቶኑ ላይ በዘለለ ቁጥር ትንፋሹ የተቋረጠ እየመሰለኝ ሌላውን እጄን ደረቱ ላይ እጭን ነበር። በጭንቅላቴ የሚመላለሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዳኛ ከምሆን ሞት ይሻለኛል።

ክሊኒኩ ጋ ሳንደርስ ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ ያየው እጄ ላይ ያለውን ኪኒን ነው።

"ለኑሩ እንዳትነግረው" አለኝ በሹክሹክታ።

"ሰምቻለሁ ጋሼ!" አለ ጋሽ ኑሩ መሪውን እንደያዘ። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አላወቅኩም።

ነርሷ ግፊቱን ለካች። ያላመነችው ይመስል ደግማ ለካች። በጣም ወርዷል። እግሩን ከፍ አድርጋ ግሉኮስ ሰቀለችለት።

"ጭማቂው ብቻውን እንዲህ ላያደርግ ይችላል" አለችን። "ግን ኪኒኑ ግፊት ያወርዳል፣ ቀይ ሥሩም ያወርዳል። ባዶ ሆድና ሩጫ ሲጨመርበትስ? ጋሼ፣ መድኃኒት እወስዳለሁ ቢሉ ምን ነበረበት?"

አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ድኖ ሜዳ የተመለሰ ዕለት ጋሽ ኑሩ ፊሽካውን ዘረጋለት። አባቴም ተቀብሎ አንገቱ ላይ አጠለቀው። አሁን ከማንም በላይ የሚቀለድበት ዳኛ እሱ ነው።

እኔን ግን ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራውን ያለ አስተማሪ የተማርኩት እያንዳንዷን ሽቦ አይቼ፣ ትንሽ ነገር ሳላልፍ ነው። ከአባቴ ጋር በአንድ ትሪ እየበላሁ ግን ያን ኪኒን አላየሁም። ይህን ሳስብ ዛሬም ይዘገንነኛል።

ጥፋት ተሠርቶ ፊሽካው ትንሽ ከዘገየብኝ ኳሱን ትቼ አባቴን በዓይኔ እፈልጋለሁ። አንዴ በዚህ የተነሳ ግብ ተቆጠረብኝ። ጋሽ ኑሩ ሊጮህብኝ ዞረ፤ ወዴት እንደማይ አየና ኳሱን ሊያመጣ ሄደ።