ሁለት ገመድ በአንድ ሶኬት

የማሽኑን ክፍል መክፈት። አቧራ መጥረግ። ኮምፒውተሮችን የሚያገናኙትን የኔትወርክ ስዊቾች መብራት ማየት። የጠፋ ካለ ምክንያቱን መፈለግ። ማታ ቁልፉን ለኃላፊው ማስረከብ።

የጥገና ሠራተኛው ግራጫ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ይህን ሁሉ በዝምታ ይፈጽማል። ስዊች በጠፋ ጊዜ ሌሎች የስዊቹን ሣጥን ለመፍታት ሲጣደፉ፣ እርሱ የኤሌክትሪክ ገመዱን ይዞ እስከ ግድግዳው ይከተላል፤ ሶኬቱንም በእጁ ጀርባ ዳስሶ ሙቀቱን ያጣራል።

«ሽማግሌው፣ ደግሞ ግድግዳ ማሻሸት ጀመርክ?» ይለዋል ኃላፊው፣ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ።

«ከሶኬት የጀመረ ነገር የት እንደሚደርስ እርስዎም ያውቁታል፣ ጌታዬ።»

ኃላፊው በእርግጥ ያውቃል። ከዓመታት በፊት የዋናው ስዊች ሁለት የኤሌክትሪክ ገመዶች፣ አንዱ ቢቋረጥ ሌላው እንዲተካው፣ በየራሳቸው ሶኬት ተሰክተው ነበር። ኃላፊው ለሻይ ማፍያው ቦታ ሲፈልግ ሁለቱንም በአንድ ሶኬት ላይ ደርቦ ሰካቸው። ሶኬቱ ጋየ፤ ስዊቹም አብሮ ተቃጠለ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ቃጠሎውን ሊያጣሩ የመጡት መርማሪዎች ኃላፊውን ትተው የስዊቹን ዋጋ በሠራተኛው ደመወዝ ላይ ጣሉት። ሴት ልጁ የነርስነት ትምህርቷን በዚያው ዓመት አቋርጣ ሱቅ ተቀጠረች።

«ለምን አልተናገርክም?» ትለዋለች ሚስቱ እስከ ዛሬ።

«ብናገርማ ደመወዙም በቀረ።»

የሻይ ማፍያው ዛሬም እዚያው ይፈላል። ልጅቱ ወደ ትምህርቷ አልተመለሰችም። በዚህ ወር ግን ደመወዙ ሳይቆረጥ ደረሰው፤ የስዊቹ ዕዳ ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል።