ቀለሙ ኩርባው ላይ ሲደርስ

መብራት በፈረቃ በሚመጣበት ዘመን ነው። የማስተርስ ጥናቴን ልጨርስ ተቃርቤ፣ ኮተቤ ከታላቅ እህቴ ጋር በኪራይ ቤት እኖር ነበር። የማጠናው ፖሊመር የተቀላቀለበት ፈሳሽ በጠማማ ቦይ ሲያልፍ የሚሆነውን ነው። ውሃ ቀስ ብሎ ሲፈስ አይረበሽም። የእኔ ፈሳሽ ግን ረጃጅም ሞለኪውሎቹ እንደ ላስቲክ ስለሚለጠጡ፣ ቀስ እያለም ኩርባ ላይ ሲደርስ ይናወጣል። በዓይኔ አይቼዋለሁ። አማካሪዬ ግን አላመኑኝም።

«ፈሳሹን የሚገፋው ፓምፕሽ ነው የሚንቀጠቀጠው» አሉና ይህን የያዘውን ምዕራፍ ከጽሑፌ እንዳወጣው ነገሩኝ። እሱ ከወጣ የሚተርፍ ጽሑፍ አልነበረኝም። ያለ ፓምፕ ላሳይዎት ብዬ ለመንኳቸው። ቤተ ሙከራው ለበዓል ተዘግቶ ስለነበር እኛ ቤት ሊመጡ ተስማሙ።

ቅዳሜ ጠዋት ከሲ.ኤም.ሲ ተነስተው መጡ። ቦዩ ወደ እንጦጦ እንደሚወጣው መንገድ የሚጠማዘዝ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ የተቀረጸ ነው። ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩት። የፈሳሹን ጠርሙስ ከመስኮቱ ፍርግርግ ላይ አስሬ በቀጭን ቱቦ አገናኘሁትና ቀለም ጨመርኩ። ቀለሙ እንደ ክር ኩርባዎቹን ሁሉ ተከትሎ፣ ንቅንቅ ሳይል ወጣ።

አማካሪዬ ኮታቸውን ከወንበሩ ላይ አነሱ። ፈሳሹ የሚናወጠው ፍጥነቱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ስለሆነ ግፊቱ እንዳነሰ ገብቶኛል፤ ጠርሙሱ ከፍ እንዲል ለእህቴ በእጄ ጠቆምኳት።

«ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሡን» አለቻቸው እህቴ። ጠርሙሱን ፈትታ ወንበር ላይ ወጣችና እስከ ኮርኒሱ ከፍ አደረገችው።

የቀለሙ ክር የመጀመሪያውን ኩርባ አለፈ። ቀጥሎ ያለው ላይ መወዛወዝ ጀመረ፤ ከዚያ ወዲያ ተበጣጥሶ ቦዩን ሞላው። ደስ ሊለኝ ሲል የእህቴን ክንድ አየሁ። ይንቀጠቀጣል። እሳቸውም አይተውታል።

ጠርሙሱን ከእሷ ተቀብለው ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አስቀመጡት። ክሩ መናወጡን አልተወም። ቀጥለው ፖሊመር የሌለበት፣ ውፍረቱ ግን እኩል የሆነ ግሊሰሪን ጠየቁኝ፤ በውሃ አቅጥኜ ያዘጋጀሁት ነበረኝ። ከዚያው ከፍታ ለቀቅነው። ቀለሙ እስከ መጨረሻው አንድ ክር ሆኖ ወጣ። አጎንብሰው ሲያዩት ቆዩ።

«ምዕራፉ ይቆይ» አሉ በመጨረሻ። «ግን ይህንን ከግሊሰሪኑ ጋር ያነጻጸርነውን መጀመሪያ አስገቢው።»

እንደወጡ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እህቴ ክንዷን እያሸች የተንጠባጠበውን ዝልግልግ ፈሳሽ በጨርቅ ጠረገች፤ ለመዘምራን ልምምድ ረፍዶባት ነጠላዋን አንስታ ሮጠች። በዚያው ዓመት ተመረቅኩ።