ነጭ ልብስ የማይሆንለት ካሜራ

ከታላቅ ወንድሙ ጋር ንግድ ልጀምር የሚል ሰው ካለ ቶሎ ጠበል ውሰዱት። እኔን የሚወስደኝ ጠፍቶ ነው እንጂ።

እኔና ታላቅ ወንድሜ ባሕር ዳር ላይ ፎቶ ቡዝ ልንሠራ ተስማማን። ሠርግ ቤት ጥግ ላይ መጋረጃ ይተከላል፤ ሰው ገብቶ ስክሪኑን ራሱ ይነካል፤ ፎቶው እዚያው ታትሞ ይወጣል። ከኋላ ቆሞ የሚያስተካክል ሰው ስለሌለ ካሜራው ራሱ ፊት የሚፈልግ፣ ለፊቱ ብርሃን የሚለካ መሆን አለበት። ይኸን ሳምንት ሙሉ ነገርሁት። እሱ የሚያየው ሌንሱን ብቻ ነው። «ሰው ትልቅ ነገር ሲያይ ያከብራል» ብሎ ክንድ የሚያህል ሌንስ ያለው አሮጌ ካሜራ መረጠ።

ከመግዛታችን በፊት እዚያው የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ሞከርነው። ባለሱቁ ጥቁር ጃኬቱን እንደለበሰ ቆመ፤ አማረ። እኔ ደግሞ ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት በበሩ ሲያልፉ አነሣኋቸው። ነጠላው ቦግ ብሎ ወጣ፤ ፊታቸው ጠቆረ። ካሜራው ነጩን አይቶ ብርሃን በዛብኝ ብሎ አጨልሞታል። በእኛ አገር ሠርግ ደግሞ እናቶቹ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ካህናቱ ሁሉ ነጭ በነጭ ናቸው።

ይኸን ለወንድሜ ልነግረው አፌን ስከፍት «አንተ የጀመርኸውን ትምህርት እንኳ ሳትጨርስ እኔን ልታስተምረኝ ነው?» አለኝ፣ ባለሱቁ እየሰማ። ፎቶውን አጠፋሁት። ይግዛው፣ ሰው ፊት ሲዋረድ ያየዋል ብዬ ዝም አልሁ።

የመጀመሪያ ሥራችን የታናሽ እህታችን ሠርግ ሆነ፤ በጥር፣ ሐይቁ ዳር። አባታችን በጣና ደሴት ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ነበሩ። ፎቶ አይወዱም። «መልኬን የሰጠኝ ያውቀዋል» ይላሉ። የነበረቻቸው አንዲት የመታወቂያ ፎቶ ታንኳ ላይ ውሃ ገብቶባት ታጥባለች። በሠርጉም ካሜራ ባዩ ቁጥር ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ይስቡ ነበር።

እህታችን እጃቸውን ይዛ «አባ፣ ስለ እኔ ብለው አንዴ ይግቡልኝ» አለቻቸው። እሷን እንቢ ማለት አያውቁምና መጋረጃው ውስጥ ገቡ። ጥምጥማቸው ነጭ፣ ጋቢያቸው ነጭ። እኔ መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ብርሃን የሚጨምረውን ቁልፍ አውቀዋለሁ፤ ትንሽ ማዞር ይበቃ ነበር። ወንድሜ ግን የሙሽራውን ዘመዶች ሰብስቦ ስለ ሌንሱ ይለፍፋል። ቆይ፣ አሁን ታያለህ አልሁ በሆዴ።

ወረቀቱ ወጣ። ጥምጥም፣ ጋቢ፣ በመሐላቸው ጥቁር ጥላ። ዘመዶቹ ሳቁ። ወንድሜን ላብ አጠመቀው። እሰይ፣ ይበለው! እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«እንደገና ይነሡ» ብንላቸው አባታችን «አንዴ ተባባልን፣ አንዴ ሆነ» ብለው ወጡ።

በፍልሰታ ጾም አረፉ። ለአርባቸው እህታችን ፎቷቸውን ልስቀል አለች። ያለው ያው አንዱ ነው። በኮምፒውተር አብርተን ሞከርነው፤ ፊታቸው አመድ ሆነ፣ ዓይናቸው የት እንዳለ አይለይም። ወንድሜ ደረቱን እየመታ «ካሜራውን የገዛሁት እኔ ነኝ» እያለ አለቀሰ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርሁም። አሁንም አልነገርሁትም፤ ያን ሱቅ ውስጥ ያለኝን ነገር ዛሬም ይቅር አላልሁትም።

እህታችን ከዚያ ወዲህ እሱን አታናግረውም። እኔን ግን በሄድሁ ቁጥር ትጠይቀኛለች፤ «አንተ እኮ አጠገባቸው ነበርህ፤ ያን ዕለት መጋረጃው ውስጥ ፈገግ ብለው ነበር?»

አላየሁም። የማየው የወንድሜን ፊት ነበር።