ከማተሚያው የነቀልኩት ገጽ

ይህን ለባሌ ነግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴማ እንዴት ብዬ? «አባ፣ ሰው የጻፈውን የኮምፒውተር ኮድ መርምሬ ዋሸሁ» ብላቸው ምን ሊገባቸው! እንዲህ እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን አታለልኩ። ውሸት እኮ በየትኛውም ሥራ ውሸት ነው።

ክልላችን ገና አዲስ የተቋቋመ ጊዜ ነበር። እኔ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ልጅ፣ ሐሚድ ደግሞ የኩርሙክ ሰው፣ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ፣ አሶሳ ውስጥ ለአንድ የመድኃኒት ማከማቻ የመዝገብ ፕሮግራም አብረን እንሠራ ነበር። ፕሮግራሙ የሚሠራው ኮምፒውተሩ ውስጥ ባለ ምናባዊ ማሽን ላይ ነው፤ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ኮምፒውተር በሉት። ያ ማሽን በሳምንት ሁለት ሦስቴ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከገጠር ጤና ጣቢያ መድኃኒት ሊወስዱ የመጡት በር ላይ ተኮልኩለው ይውላሉ፤ ለምን እንደቆመ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ሐሚድ መላ አገኘ። ማሽኑ ሲቆም የትኛው የፕሮግራሙ መስመር ላይ እንደተያዘ ራሱ እንዲናገር የሚያደርግ ኮድ ጻፈ። በቢሯችን ልማድ ኮድ በወረቀት ታትሞ፣ ሌላ ሰው መርምሮ ካልፈረመበት አይጫንም። መርማሪዋ እኔ ነበርኩ። «እህቴ፣ እይው። ወላሂ፣ ስህተት ካለው አትማሪኝ» ብሎ ሰጠኝ።

ሞከርኩት። ማሽኑ ቆመ፤ የሐሚድ ኮድም የተያዘበትን መስመር አተመ።

የእኔ መስመር! ጎበዟ የምባለው እኔ የጻፍኩት! ፕሮግራሙ ውስጥ ሁለት ሥራዎች አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ተፋጠው እንዲቀሩ ያደረግኩት እኔው ነበርኩ። ገጹን ከማተሚያው ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ በሐሚድ ወረቀት ላይ «ኮዱ የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል፤ ማሽኑንም ያስቆማል» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ወረቀቱንም ራሴ ለአለቃችን አደረስኩ።

አለቃችን ፊርማዬን አይተው ሐሚድን ፋይል ወደሚደረደርበት ክፍል አዛወሩት። እሱ አልተከራከረም። ሦስት ቀን ሙሉ ወረቀቱን ይዞ ስህተቱን ፈለገ። የሌለ ስህተት! በመጨረሻ መጣና፣ «አላገኘሁትም። አንቺ ካልሽ ግን አለ» አለኝ። ወር ሳይሞላው ሥራውን ትቶ ኩርሙክ ገባ።

እኔ በዚያች ገጽ እየተመራሁ መስመሬን በድብቅ አስተካከልኩ። ማሽኑ መቆሙን ተወ። አጨበጨቡልኝ፤ እኔም አላፍር፣ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። ዛሬም አንድ ማሽን ቀጥ ባለ ቁጥር «አንቺ ካልሽ ግን አለ» የሚለው ድምፁ ይመጣብኛል።

ከብዙ ዓመት በኋላ አሶሳ ገበያ ውስጥ አገኘሁት። ሸምግሏል፤ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጁ አብራው ነበረች። ኮምፒውተር ልማር እያለች እንደምትነዘንዘው እየሳቀ ነገረኝ። «ምከሪልኝ፣ እህቴ። እኔ ሞክሬ አልሆነልኝም። የእኛ ጭንቅላት ለዚህ አይሆንም፤ አንቺ ታውቂያለሽ።»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። «እውነት ነው እትዬ?»

«አይደለም» የምትል አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። «ቸኩያለሁ» ብዬ ባጃጅ አስቆምኩ።

ገጹ አሁንም አለኝ። ቀለሙ ለቋል፣ የእኔ መስመር ግን ይነበባል። ልጅ ነበርኩ አልላችሁም፤ ገበያ ላይ ልጅ አልነበርኩም። ይቅር በሉኝም አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ያቺ ልጅ ጠይቃኝ ነበር፤ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።